ከመደርደሪያው የጎደለው ማህደር

መጋቢት 14፣ ሰኞ

የማታ ትምህርት የጨረስኩት ባለፈው ወር ነው። ከሠላሳ አንድ ጎልማሶች ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እሷም መስኮት ሥር ስለተቀመጠች ብርሃኑ ረድቷት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። መምህራችን ሲያሰናብቱን «በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል» አሉ። እኔን ጥሎ የሚሄድ ፊደል ገና አልተፈጠረም። ቢሆንም ለማንኛውም ብዬ ይህን ደብተር ያዝኩ።

በቤተሰብ ሐኪማችን ክሊኒክ ሃያ ሁለት ዓመት በር ጠብቄአለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን ካርድ ክፍል ነኝ፤ ሰፈሩም ውሎ ሳያድር «ጋሽ ካርድ» አለኝ። ክፍሌ ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም። በውስጡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ማህደር አለ፤ በመካከላቸው አንድ ወንበር አለች፤ በወንበሯ ላይ እኔ አለሁ።

የዶክተራችን ደንብ አንድ ቤት፣ አንድ ማህደር ነው። ባልም ሚስትም ልጅም አማትም ካርዳቸው አብሮ ይታሰራል። ብቻውን የሚኖር ሰው ሲመጣ ዶክተራችን «የታመሙ ዕለት በር የሚከፍትልዎት ማነው?» ብለው ይጠይቁታል። በር የሚከፍትለት ሰው ማህደር ውስጥ ይገባል። ልብስ ሰፊው ወንደላጤ ስለሆነ ከበላዩ ካለው ፎቅ ከሚኖሩት ከእትዬ ደረጃ ጋር ነው የታሰረው። ሁለቱ መጣላት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማህደራቸው ግን አንድ ነው።

ዛሬ ዶክተራችን ሰብስበው አነጋገሩን። ያለነው ሲስተርና እኔ ስለሆንን «ሰበሰቡን» ማለት ዞር ብለው አዩን ማለት ነው። ወረርሽኙ ከተማችን ገብቷል አሉ። «ትልቁ ሆስፒታል ይጨናነቃል። ሰው ግን መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ማን መምጣት እንዳለበት፣ ማን ቤቱ መቅረት እንዳለበት የምናውቀው እኛ ነን።»

«አይስጉ ዶክተር» አልኳቸው። «እኔ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አሞኝ አልቀረሁም። ይህ በሽታ በሩ ላይ እኔን ሲያይ ይመለሳል።»

ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። አድንቀውኝ መሰለኝ።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ጊዜ የለም። ወንበሮቹ ሁሉ ደጅ ወጡ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ይዞ መጣና በየሁለት ሜትሩ መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰመረ። ርቀቱን አሳጥሮ የቆመውን ሁሉ «ወገብህ ልክ አልመጣም፣ ወደኋላ!» ይላል።

የሚያስለው ሰው በመስኮት ይታያል። የሙቀት መለኪያዋን የያዝኩ እኔ ነኝ። አንዲት ሴትዮ ግንባሯ ላይ ስደቅንባት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። «ይማሩኝ!» አለችኝ። ማርኳት።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ዶክተራችን ጠዋት አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ማህደር ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ሕመም ያለበትን እየለቀሙ ዝርዝር ያውጡ ነው ነገሩ። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሰው ከቤቱ አይወጣም። መድኃኒቱ ደጁ ድረስ ይወሰድለታል፤ በየቀኑም እየተደወለ ይጠየቃል። «ሠራተኛም ቢሆን» አሉ። «ሲስተር ብትሆን እንኳ።»

ሲስተር አጠገቤ ተቀመጠችና እኔ ሳነብ እሷ ጻፈች። ዶክተራችን እንደ ሌላው ሐኪም አይጭሩም፤ ሰው በሚያነበው ፊደል ነው የሚጽፉት። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ለመርፌ ተጠርታ ወጣች። የሚቀጥለውን ማህደር ሳብኩት፤ የእኛ ቤት ነበር።

ይህን ማህደር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ጠረጴዛው ወስጄዋለሁ፣ መልሼዋለሁ። ለካ ሁሌም ስለኔ ያወራ ነበር።

«ስኳር እንዳለበት ተነገረው። ሳቀ።»

«ጣፋጭ አልቀምስም ይላል። ጢሙ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አለ።»

«ብዙ ያወራል። ደረጃ ሲወጣ ግን ዝም ይላል፤ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።»

አንዱን ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዛሬ አልቀለደም። ወንድሙ ሞቷል። ግማሽ ሰዓት አብረን ተቀመጥን። መድኃኒት አላዘዝኩም።»

እንግዲህ እንደ ደንቡ ስሜ ከዝርዝሩ መግባት ነበረበት። ግን ሰው ይፍረደኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በፀሐይና በዝናብ ቆሜ ያገኘኋትን ወንበር ገና ሳትሞቅልኝ ልነሳ? ደግሞ ስኳሬ ትንሽ ናት። እንዲያውም ስኳር መባልም አይገባትም።

ማህደሩን በሸሚዜ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። አሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ከሻንጣው ጀርባ ነው ያለው። ቤታችን ለወረቀት ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስደብቅ አንድም ተነቦብኝ አያውቅም።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ዝርዝሩን ሰጠኋቸው።

«ስልሳ ሦስት?» አሉ።

«ስልሳ ሦስት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዶክተር፣ ከክፍሌ ሁለተኛ የወጣሁ ሰው ነኝ።»

ካርድ ክፍሌ ገብተው ትንሽ ቆዩ። መነጽራቸውን እየጠረጉ ወጡና ሦስት ነገር አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ደጅ ዛፉ ሥር ይሆናል። የሙቀት መለኪያውን ሲስተር ትይዛለች፤ እኔ ስልኩን እይዛለሁ። ሦስተኛው፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እቤቴ ይደውሉልኛል፤ ስለ ዝርዝሩ ልንመክር። ወፍራሙን ማስክም ለኔ ሰጡኝ፤ ሲስተር እንኳ ቀጭኑን ነው የምታደርገው።

ሹመት ሲመጣ እንዲህ ተከታትሎ ነው። በዚህ ክሊኒክ ታሪክ ዛፍ ያለው ቢሮ የተሰጠው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ጠረጴዛዬ ትይዩ የዶክተራችን መስኮት ነው፤ ቀና ባሉ ቁጥር ያዩኛል። ያለኔ አይሆንላቸውም።

የሚገርመው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሻዬ ያለስኳር ይመጣል። ስኳር ከገበያ ጠፍቶ ይሆናል።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ስልሳ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ጆሮዬ ቀላ።

የዶክተራችን ዘዴ በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ ማስቆጠር ነው። ሳንባው ደህና የሆነ ሰው ይዘልቀዋል። እትዬ ደረጃ ጋ ስደውል እንዲህ ሆነ።

«ማነህ?»

«ጋሽ ካርድ ነኝ፣ እትዬ። ስለ ጤናዎ ልጠይቅ ነው።»

«ዶክተሯስ?»

«ወክለውኝ ነው።»

«ሰው ጠፍቶ! እሺ ጠይቅ።»

«በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ ይቁጠሩልኝ።»

«አንተ፣ ለመማር እኔ ቤት ነው የምትደውለው?»

«ለሳንባዎ ነው፣ እትዬ።»

ትንሽ አሰቡና «ታች ያለው ሰፊ ስንት ቆጠረ?» አሉ።

«ሃያ አንድ።»

ከዚያ ትንፋሻቸውን ሲስቡ እንደ ወናፍ ተሰማኝ። ሃያ ስድስት ቆጠሩ። «ንገረው» ብለው ዘጉት።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ዶክተራችን ማታ ሲደውሉ የሚያስተምሩኝ ነገር አለ። «ጋሽ ካርድ፣ የቆጠሩትን ቁጥር አይስሙ። ሰው በቁጥር ይዋሻል። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚሰርቅ ይስሙ። እስቲ ለምሳሌ እርስዎ ይቁጠሩ።»

ለምሳሌ ስለሆነ ቆጠርኩ። ሃያ አራት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እራት ምን በሉ? መድኃኒትዎን ዋጡ?»

«የምን መድኃኒት?»

«ለምሳሌ ነው።»

ሰውን እንዴት እንደምጠይቅ ሲያስተምሩኝ እኮ ነው! በየማታው ያለማቋረጥ። ለሲስተር አይደውሉላትም።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ

ልብስ ሰፊው ዛሬ ሃያ ቆጠረልኝ። ግን ስምንት ላይ ሰረቀ። ጆሮዬ ያዘው።

«ሰፊው፣ ድገምልኝ።»

«ለምን? ሃያ አልሞላም?»

«ሞልቷል። ጥልፉ ግን አላማረም።»

ሲደግም ሰባት ላይ ሰረቀ። ሮጬ ነገርኩ። ዶክተራችን ከበሽተኛ ፊት ተነሥተው ቦርሳቸውን አነሡ፤ ቦርሳውን እኔ ተቀበልኩ።

ደርሰን ስናይ እትዬ ደረጃ ከፎቃቸው መስኮት ድስት በገመድ እያወረዱ ነው። ድስቱ የልብስ ሰፊው መስኮት ፊት ይወዛወዛል። «ተቀበል እንጂ አንተ መርፌ! ሾርባ ነው! ብትሞትብኝ ማህደሩን ብቻዬን ልሸከመው ነው?»

ዶክተራችን በመስኮት ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰክተው አዩና ወዲያው ሆስፒታል ደወሉ። «ዛሬ ባይታወቅ ኖሮ ነገ ይከብድ ነበር» አሉ። የሰማሁት እኔ እንደሆንኩ ግን ሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። መኪናው እስኪመጣ ልብስ ሰፊውን በቀልድ ያዝኩት። ማስኬን ትንሽ ዝቅ አደረግሁ፤ ቀልድ በወፍራም ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ጣዕሙ ይጠፋል። ሳቀ። ሳቁ ሳል አመጣበት። መልሶ ሳቀ።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ዝናብ ሆነና ጠረጴዛዬን ይዤ ዶክተራችን ክፍል ገባሁ። ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ሠራን። ደክሟቸዋል፤ ከዓይናቸው ሥር ጠቁረዋል። የእትዬ ደረጃን አነጋገር እያስመሰልኩ ነገርኳቸው። ማስክ አድርጎ እትዬን ማስመሰል ስለማይሆን ማስኬን ዝቅ አደረግሁ። ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በሦስት ሳምንት መጀመሪያ ያየሁት ሳቅ ነው። ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ።

ከሰዓት ሲስተር አንድ ጠርሙስ በረኪና ኮሪደሩ ላይ ደፋች። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። እኔ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ምንም አልሸተተኝም። የኔ አፍንጫ ወንድ ነው።

ማታ ባለቤቴ የሠራችው ወጥ ጥሩ ነበር። «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ምስጋና ያልለመደ ሰው እንዲህ ነው።

ጉልበቴ ትንሽ ከብዷል። ዝናቡ ነው።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

ዛፉ ሥር ነፋስ በዛ።

ሃምሳ ሁለት ሰው ደወልኩ። የቀሩት አልደረሱኝም።

ማታ ዶክተር ደወሉ። ሃያ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ ስልኩን በእጄ ከደን አድርጌ ነው። «ድጋሚ» አሉ። መብራት ጠፋብን ብዬ ዘጋሁ። መብራት ከስልክ ጋር ምን አገናኘው? ሌላ ውሸት አልመጣልኝም።

ትንሽ ልተኛ።

በዚያው ቀን

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አንደኛዋ።

ደብተሩን ትራሱ ሥር አገኘሁት። ከሽፋኑ ጀምሬ እስከ ትንሽ ልተኛ ድረስ አነበብኩት። ከዚያ በርጩማ አምጥቼ ማህደሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። የሱንም ካርድ፣ የኔንም አነበብኩ። የኔ ላይ «ባሏን ትታገሣለች» የሚል አለ።

አንደኛ የወጣሁት ብርሃን ረድቶኝ አይደለም፤ የቤት ሥራዬን ስለምሠራ ነው። እሱ የኔን ይገለብጥ ነበር።

ትናንት ወጡ አርሮ ጎረቤት ሳይቀር ሸቶት መጥቶ ጠይቆኛል። እሱ እጅሽ ይባረክ ብሎ ጠርጎ በላ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የፈራው።

ለዶክተር ደውዬ ሁሉንም ነግሬአለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል። ሚስቱ ማንበብ የምትችል ከሆነ ግን ያገኛል።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

ደብተሬን ሰው እንዳነበበው አየሁ። ሴት ፊደል ከመማሯ በፊት ወንድ መደበቂያ መሥራት ነበረበት።

ዶክተር ጠዋት መጡ፤ መስኮታችን ሥር ቆሙ። መለኪያዋን ጣቴ ላይ ሰካሁ። ስኳሬንም ለኩ። ያሉትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም።

«ዶክተር፣ ማህደሩን...»

«ያን ሰኞ ነው ያወቅሁት። ከመደርደሪያው ሁለት ጣት ጎድሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ቤት ይቀመጡ ብልዎት ይቀመጡ ነበር?»

«እንዴታ!»

ባለቤቴ ከበሩ ጀርባ ሳቀች። ዶክተርም በማስካቸው ውስጥ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ወጥተው ለገበያው ሁሉ ቀልድ ያወሩ ነበር። ዛፉ ሥር ነፋስ አለ፤ በመስኮቴም አይዎታለሁ፤ ማታም እደውላለሁ አልኩ።» ከዚያ ወደ መሬት አዩ። «በቀጥታ መናገር ነበረብኝ። ያ የኔ ጥፋት ነው።»

እኔ ሰርቄ፣ ዋሽቼ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። የምለው ጠፋኝ። የምለው ሲጠፋኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ለካ ያ ሁሉ «ለምሳሌ» እኔ ነበርኩ።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ።

ማታ እስከ ሰባት።

ሚያዝያ 13

ስድስት። ዶክተር ሁለት ጊዜ መጡ። አቀማመጤን አስተካከሉ፤ በሆዴ ተኛሁ። ነገም እንዲህ ከሆነ ሆስፒታል አሉ።

ሚያዝያ 14

ስምንት።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

አሥራ አራት! በሽታው እኔን ሲያይ ይመለሳል ብዬ አልነበረም? ትንሽ ዘገየ እንጂ ተመለሰ።

ባለቤቴ ሳሎን ነው የምትተኛው። ምግቡን በር ላይ ታኖራለች፤ በበሩ ሥር ደግሞ ወረቀት ታስገባለች። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ደብዳቤ ስንጻጻፍ የመጀመሪያችን ነው። የዛሬው እንዲህ ይላል፦ «ያላንተ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ቶሎ ዳን። ሳህኑን ጨርሰህ መልስ።»

ደብዳቤውን ትራሴ ሥር አኖርኩት። እዚያ ያኖርኩትን ታገኘዋለች፤ ታግኘው።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም።

አንድ ተኩል። ሁለት።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተር ደወለች። ዶክተር ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አላቸው። ቤታቸው ናቸው። ክሊኒኩ ነገ ይዘጋል።

የዝናቡን ቀን አስታወስኩ። በረኪናው ያልሸተተኝን ቀን። ዕንባቸው እስኪፈስ የሳቁትን።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ሲስተር ጋ ደወልኩ። «ለዶክተር ማን ይደውላል?»

«እሳቸው ናቸው የሚደውሉት» አለች።

«እሳቸው ሲታመሙስ?»

«ታመው ቀርተው አያውቁም» አለች። «ማህደራቸውን አይተሽ ዘመድ ካላቸው...» አልኳት።

«ጋሼ፣ ካርድ ክፍሉን የምትይዘው አንተ ነህ። የዶክተር ማህደር አይተህ ታውቃለህ?»

አራት መቶ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አንብቤአለሁ። የሳቸው የለም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከሰው ጋር አስረው ራሳቸውን ረስተዋል።

እኔው ደወልኩ።

«ዶክተር፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ ስኳርዎን ለኩ?»

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይቁጠሩ።»

«ጋሽ ካርድ...»

«ለምሳሌ ነው።»

ሃያ ቆጠሩ። አሥራ ሦስት ላይ ሰረቁ። ምንም አላልኩ፤ ጻፍኩት።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ጠዋት፣ ዘጠኝ ላይ ሰረቁ። «እያወራሁ ስለነበር ነው» አሉ። ከማን ጋር?

ሐኪም ሲታመም ከልብስ ሰፊው ይብሳል። የውሸቱን አሠራር ያውቀዋል።

ማታ፣ አምስት ላይ ሰረቁ። መሥመሩ ነው አሉ፤ ደርሰው እኔን ሆኑ!

«ዶክተር፣ ቁጥሩን አልሰማም፤ ትንፋሹን ነው የምሰማው። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ነገ አያለሁ።»

«ለልብስ ሰፊው ነገ አላሉትም።»

ዘጉብኝ። እኔ ከቤት መውጣት አልተፈቀደልኝም። ባለቤቴን በበሩ ሥር በወረቀት ልጠራት ስጽፍ እሷ ቀድማ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ቆማለች፤ በግድግዳው ሁሉንም ሰምታለች። ሲስተርን ቀስቅሳ አብረው ሄዱ።

የሆነውን ሲስተር ነገረችኝ። ሲያንኳኩ ዶክተር «ደህና ነኝ፣ ሂዱ» አሉ። ባለቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዶክተር፣ እኔ የክፍሌ አንደኛ ነኝ። እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ከዚያ በሩን እሰብራለሁ» አለች። ስድስት ላይ ተከፈተ። መለኪያዋን ሲሰኩላቸው ቁጥሩን ራሳቸው አዩትና ጫማቸውን አጠለቁ። ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ናቸው።

በሽታውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላለኝም። እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ዝርዝሩን እቤቴ አስመጥቼ ከአልጋ ላይ እደውላለሁ። አሁን ስልሳ አራት ሰው ነው፤ ራሴን በገዛ እጄ ጨምሬአለሁ።

ማንም ስለራሱ አያወራም። «ዶክተራችንስ?» ነው የሚሉኝ። እትዬ ደረጃ ሳልጠይቃቸው ጀምረው በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ አንድ ቆጠሩ። «ከሃያ በላይ ያለውን ለሳቸው ስጥልኝ» አሉ። ልብስ ሰፊው ከሆስፒታል ወጥቶ ከሥር ሆኖ ሲጮህ በስልኩ ይሰማኛል፤ «የኔንም ስጥ!»

ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

ድምፁ ቀጭን ነው። ግን አወቅሁት። ተነሥቼ ቆምኩ። ባለቤቴ ማንኪያ ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«...አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።» አረፉ። «አልሰረቅሁም፣ ጋሽ ካርድ። አሥራ ሁለት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ሌላም ብዙ ለማለት አስቤ ነበር።

«ዶክተር፣ የዝናቡ ቀን...»

«በዚያን ሳምንት አርባ ሰው አይቻለሁ። ከማን እንደያዘኝ ማንም አያውቅም።» ትንሽ ተነፈሱ። «ደግሞ ያን ቀን ካልሳቅሁ ቀድሜ ነበር የምወድቀው። አሁን ስኳርዎን ይንገሩኝ፤ እውነተኛውን።»

ነገርኳቸው። እውነተኛውን።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ዛሬ ክሊኒኩ ተከፈተ። ዶክተራችን ከስተዋል፤ ጋውናቸው የሌላ ሰው መስሏል። ልብስ ሰፊው በር ላይ ሜትሩን ዘርግቶ «ሁለት ጣት ላጥብብልዎት» ቢላቸው እትዬ ደረጃ ከኋላው «ተዋቸው፣ ይሞላሉ!» አሉ።

ማህደራችንን በሸሚዜ ሳይሆን በእጄ ይዤ ገባሁ። ሰው ሁሉ እያየ ቦታው አስገባሁት። ወዲያው ግን መልሼ ሳብኩትና ባዶ ካርድ ይዤ ዶክተራችን ክፍል ሄድኩ። ወንበሬን ሁለት ሜትር አራቅሁ።

«ምንድነው?» አሉ።

«አዲስ በሽተኛ። ሙሉ ስም?»

«ጋሽ ካርድ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ፤ ክሊኒኩ ሮጦ አያመልጥም። ሙሉ ስም?»

ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ዕድሜ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። በቤቱ ያለው ሰው ብዛት ስላቸው «አንድ» አሉ።

«አንድ ሰው ማህደር አይከፈትለትም። ደንቡ የርስዎ ነው» አልኩ። «የታመሙ ዕለት በር የሚከፍትልዎት ማነው?»

እስክሪብቶ አንሥተው መልሰው አኖሩት። በመስኮቱ ወደ ዛፉ አዩ። ብዙ ቆዩ። እኔም ቆየሁ፤ ሳልናገር። ካርዴ ላይ ይጻፍልኝ።

«እኔ ለሰው በር እከፍታለሁ እንጂ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማን እንደሚከፍትልኝ አስቤው አላውቅም።»

«አስቦበት የመጣ ሰው አለ» አልኩ። «በሩን ሊሰብሩት የነበሩት ሴትዮ።»

ካርዳቸውን ከኔና ከባለቤቴ ካርድ መካከል አስገብቼ ማህደሩን አሰርኩት። ሽፋኑ ላይ የነበረውን «ሁለት» ሰርዤ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ዶክተራችን መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያ ካርዴን ጠየቁኝና አንድ መሥመር ጻፉበት። ወደ መደርደሪያው ስመልሰው አነበብኩት፦ «ስኳሩ ወርዷል። ጆሮው በጣም ጥሩ ነው። አሁንም ብዙ ያወራል፤ አይከልከል።»

ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። ድስቱን እያማሰለች ሰማችኝ። ወጡ ሸተተኝ፤ ሽንኩርቱ በዝቷል፤ አልተናገርኩም።

«ዶክተር ምን ያህል ተምረዋል?» አለችኝ።

«እንጃ። ሃያ ዓመት ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያው ከማህደራችን አንደኛ እሳቸው ናቸው» አለች። «እኔ ሁለተኛ።»

ከዚያ በላይ አልቆጠረችም። እኔ ግን መቁጠር እችላለሁ።